የተገለበጠው ካባ

ሐመልማል ኃይለጊዮርጊስ ላምበረት ከመናኸሪያው ጀርባ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ሱቅ ልበለው እንጂ ቆርቆሮ ነው፤ በሩን የበየድኩት እኔ ነኝ። የእኔ ብየዳ ቤት ከእሷ ጋር ግድግዳ ይጋራል። እሷ ሲንጀሯን ስትረግጥ እኔ ጋ መደርደሪያው ላይ ያለው ኤሌክትሮድ ይንቀጠቀጣል። ዓመቱን ሙሉ የምትሰፋው የሚታወቅ ነው፤ የአውቶቡስ ወንበር ልብስ፣ የተሸካሚዎች ካፖርት፣ ዚፑ የወለቀ ሻንጣ። ሚያዝያ ሲመጣ ግን ሥራዋ ይለወጣል። ለአርበኞች ቀን የሚለበሰውን ካባና ጎፈር የምትጠግነው እሷ ናት።

ይህን ሥራ እንደ ቀላል የሚያይ ሰው አንድ ቀን አጠገቧ ይቀመጥ። ዛሬ ጎፈር እየተባለ ግንባር ላይ የሚታሰረው ሁሉ የአንበሳ ጋማ አይደለም። አብዛኛው የፍየል ጠጉር ነው፤ ሻይ ቅጠል ውስጥ ተነክሮ ቀለም እንዲይዝ የተደረገ። እሷም ትሠራዋለች፣ ታከራየዋለች፣ ግን ለሚጠይቃት ሁሉ "ይሄ ፍየል ነው" ትላለች። ከፍየሉ የባሰም አለ። ከሴቶች ጸጉር ቤት የተሰበሰበ ዊግ ቆዳ ላይ ተሰፍቶ የመጣላት ጊዜ አይቻለሁ። ውስጡ የቅባት ሽታ አለው፤ አንዱ ጥግ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ዘለላ ነበረበት። ያመጣው ሰው "የአያቴ ነው" አላት። "አያትህ ሹሩባ ይሠሩ ነበር?" ብላ መለሰችለት።

በዓሉን ያስጀመሩት ሰዎች ከሞላ ጎደል አልቀዋል። የቀሩት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ከእነሱም ኋላ የማንም ያልሆኑ ልብሱን ብቻ የወደዱ አሉ። በየዓመቱ የሚመጣው ሰው ይበዛል፣ የሚመጣው ልብስ ይቆሽሻል። ክንዱ ሥር ላብ የደረቀበት ካባ፣ ኪሱ ውስጥ የበግ አጥንት የተረሳበት ለምድ። አንዱ ማስቲካ ጋማው ላይ ለጥፎ መልሶላታል። ሐመልማል ይህን ሁሉ በእንዶድ ታጥባለች፤ ሳሙና ከፋዩን ያጠነክረዋል ትላለች።

እውነተኛው ካባና እውነተኛው ጎፈር ቤቷ ነበር። የአባቷ ነው።

አባባ ኃይለጊዮርጊስ ከላምበረት በላይ፣ ባሕር ዛፉ በሚጀምርበት በእንጦጦ ጥግ ነበር የሚኖሩት። በጠላት ዘመን ገና ጎረምሳ ሳሉ ለአርበኞች ጥይት ይሸከሙ ነበር። ታሪካቸውን ሲያወሩ እንደ ሌላው አይፎክሩም። የሚያወሩት ስለ ቅማል ነው። ብዙዎቹ አገር ነፃ ሳይወጣ ጠጉራችንን አንላጭም ብለው ምለው ነበር፤ ከዚያ ጫካ ውስጥ ያለው ሽታ፣ እርጥብ ቆዳ፣ ቁስል ላይ የሚርመሰመሰው ነገር። እንግዳ ምሳ እየበላ ቢሆንም ግድ የላቸውም። አንድ ጊዜ ሰው ሽሮውን ትቶ ሲነሳ "እኔም ያኔ አላስበላኝም ነበር" ብለው ሳቁ። ጎፈሩም ለዚያ ጠጉር የተሠራ ነው፤ ማሰሪያው ሰፊ ነው፣ የተላጨ ራስ ላይ አይቆምም። አለቃቸው ሲሞቱ ሚስታቸው ጎፈሩን ለአባባ ሰጧቸው። ካባውን ደግሞ የሐመልማል እናት ናቸው የሰፉት፤ ጥቁር ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቀ ዘቦ፣ ገበሩ አቡጀዲ።

የበዓሉን አመጣጥ ከእሳቸው ነው የሰማሁት፤ መጽሐፍ ላይ ካለውም አይለይም። ከተማው በመጋቢት ሃያ ስምንት ከጠላት እጅ ወጣ። ንጉሡ በእንጦጦ በኩል የገቡት አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቀን ነው፤ ጠላት ከአምስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ በገባበት በዚያው ቀን። ያ ቀን ለበዓል ተያዘ። ደርግ ሲመጣ ንጉሡን ላለማስታወስ ሲል በዓሉን ወደ መጋቢት ሃያ ስምንት ወሰደው። ደርግ ሲወድቅ ወደ ሚያዝያ ተመለሰ። አባባ ኃይለጊዮርጊስ በዚህ ክርክር አልገቡም። በደርግ ጊዜ መጋቢት ላይ ሲጠሩ ተራ ኮት ለብሰው ይሄዱ ነበር። ሚያዝያ ሃያ ሰባት ደግሞ በራቸውን ዘግተው ካባቸውን ለብሰው ግቢያቸው ውስጥ እስከ ምሳ ይቀመጡ ነበር። የቀበሌ ሰው ምነው ሲላቸው፣ ልብስ በዓመት አንዴ ካልተናፈሰ ብል ይበላዋል አሉት። ሰውየውም ከብል ጋር የሚጣላበት መመሪያ አልነበረውም።

ለልጃቸው ግን ደጋግመው የነገሯት አንድ ነገር ነበር። "ቀኑ የንጉሡ ነው፤ ካባው የእኔ ነው። ስሞት ከሬሳዬ ፊት ይሂድ። ከዚያ ወዲያ የፈለግሽውን አድርጊው።"

ይህ የአርበኛ ለቅሶ ወግ ነው። የሟች ልብስና መሣሪያ ተይዞ ከሬሳው ፊት ይሄዳል፤ አልቃሹ እሱን እያየ ነው የሚያለቅሰው። ጠመንጃቸው ድሮ ሄዷል። የቀራቸው ይኸው ካባና ጎፈር ነው።

በርናባስ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። የሰርግ አዳራሽ ሲያስጌጥ የኖረ፣ አሁን ኢቨንት የሚሠራ ሰው ነው። አፉ ጣፋጭ ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ አዲስ ነው። ከጓደኞቹ ጋር አንድ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ አፓርታማ የሚሸጥ ድርጅት ስፖንሰር አግኝቶ፣ በዓሉ ዕለት በአይሱዙ ላይ "የበዓሉ አመጣጥ" የሚባል ትርኢት ለማሳየት ተነስቶ ነበር። ንጉሡ ሲገቡ፣ አርበኞች ሲቀበሉ። ዙፋኑን የሚሸከመውን ብረት የበየድኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ። ጉዞው ከላምበረት ተነስቶ መሪ ሰፈር ነው የሚያልቀው። ንጉሡ የመጡት በጎጃሙ መንገድ ነው፣ በዚህ በኩል አልወረዱም ብዬ ነገርኩት። "ጋሼ፣ ዋናው መንፈሱ ነው" አለኝ። የስፖንሰሩ አዲሱ ሕንፃ መሪ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት።

ሐመልማል ጋ መጀመሪያ የመጣው የፍየሉን ለመከራየት ነው። ከዚያ ስለ አባቷ ሰማ። ጋራው ላይ ድረስ ወጥቶ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኮ እጃቸውን ሳመ። ራሳቸው ካባቸውን ለብሰው መኪናው ላይ ከንጉሡ ዙፋን አጠገብ እንደሚቀመጡ ነገራቸው። አባባ ኃይለጊዮርጊስ መቶ ሊሞላቸው ነው፣ ወሬው ግማሹ ያመልጣቸዋል፤ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መኪናው ጥላ አለው ወይ አሉ። አለው አላቸው። እሺ አሉ።

ሐመልማል ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን አልደብቅላትም። አባቷ አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ፊት ከፍ ብለው ሲቀመጡ ማየት ፈልጋለች። በሳምንቱ በርናባስ ልብሱን ለፎቶ ብሎ ሲጠይቃት ሰጠችው። አባቷ እቤት ሆነው ልብሳቸውን ብቻ ሰጠች። ሌላ ደንበኛ ቢሆን ቀብድ ሳታስይዝ ፍየል እንኳ የማትሰጥ ሴት ናት።

ሚያዝያ ሃያ ስድስት ጠዋት አባባ ኃይለጊዮርጊስ አረፉ። ዘመድ ከገጠር እስኪደርስ ቀብሩ ለማግስቱ፣ ለበዓሉ ዕለት፣ በዘጠኝ ሰዓት ተያዘ። የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደ ኢየሱስ ድንኳን አስተከሉ። ሐመልማል ወዲያው ልብሱን ፍለጋ መሪ፣ ትርኢቱ ወደሚለማመድበት ግቢ ሄደች።

እኔ እዚያው ነበርኩ፣ የዙፋኑ መደገፊያ ስለተነቃነቀ። ግቢው ውስጥ ትርኢተኞቹ ምሳ ይበላሉ። ገመቺስ የሚባል ቁመቱ ያማረ ልጅ ነው አርበኛውን የሚሆነው። የአባባን ካባ ለብሶ ጥብስ ይበላል። ጎፈሩ በተላጨ ራሱ ላይ እየተንሸራተተ አስቸግሯቸው በጫማ ሰፊ ማስቲሽ ግንባሩ ላይ ለጥፈውለታል። ማስቲሹ ወደ ጋማው ተንጠባጥቦ ጠጉሩን እንደ ጅራፍ አጋግሮታል። ደረቱ ላይ ደግሞ ቁስል እንዲመስል ድልህ አፍስሰውበታል። ቲማቲም ድልህ፣ ከቆርቆሮው ተገልብጦ፣ በወርቀ ዘቦው ላይ። ዝንቦቹ መጥተዋል። ልጁ በግራ እጁ እያባረረ ይበላል፣ እጁንም የካባው ጫፍ ላይ ይጠርጋል።

ሐመልማል በር ላይ ቆመች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። በርናባስ ከሩቅ ሲያያት ፊቱን አስተካክሎ መጣ፣ አቀፋት፣ ነፍስ ይማር አለ። የምትፈልገውን ነገረችው፤ ልብሱን አሁን፣ ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ነው። እሱ ትርኢቱም በዘጠኝ እንደሚያልቅ፣ ቴሌቪዥን እንደሚመጣ፣ ስፖንሰሩ ፖስተሩ ላይ ያለውን ልብስ መኪናው ላይ ማየት እንደሚፈልግ አስረዳት። ቀብሩን ወደ አስራ አንድ ማሸጋሸግ ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። ከዚያ ሲያስብ ዓይኑ ሲበራ አየሁት።

"እትዬ ሐመልማል፣ ለምን ሬሳውን መኪናው ላይ አናደርገውም? እውነተኛ አርበኛ፣ በበዓሉ ቀን። ከዚህ የበለጠ ክብር የት ይገኛል? አበባውን ስፖንሰሩ ይችላል።"

ግቢው ውስጥ የሚያኝኩት ሁሉ ማኘክ አቆሙ። ሐመልማል እንደ ቆሸሸ ጨርቅ ከላይ እስከ ታች አየችው።

"አባቴ ጥላ አለው ወይ ብለውህ ነበር" አለችው። "ልብሱን አምጣ።"

ማስቲሹ በቲነር ካልሆነ እንደማይለቅ፣ ማታ የዛሬው ፎቶ እንዳለቀ አስለቅቆ በራሱ መኪና ቤቷ ድረስ እንደሚያመጣ በመስቀል ማለላት። ለቅሶ ቤት ትታ የመጣች ሴት ናት፣ ሰው ይጠብቃታል፤ አምናው ሄደች። ማታ አልመጣም። ስልኩ ተዘግቷል።

በማግስቱ ጠዋት አይሱዙው ላምበረት መናኸሪያው ፊት ቆሟል። ድምፅ ማጉያው የስፖንሰሩን ስልክ ቁጥር ይናገራል፣ መሐል መሐል ላይ ደግሞ አርበኞችን። ንጉሡ የሆነው ሰውዬ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ሱፍ ይፈለፍላል። ገመቺስ ከፊት ጎራዴ ይዞ ቆሟል፤ ድልሁ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይሸታል። ተሸካሚዎቹ ጭነታቸውን አስቀምጠው ያያሉ።

ሐመልማል ከጥቁር ለባሽ ሴቶች ጋር ከጋራው ወረደች። አንገቷ ላይ የሥራ መቀሷ በክር ተንጠልጥሏል።  ዙፋኑን ሳጠብቅ የቆምኩበትን በርሜል ረግጣ በመኪናው ኋላ በኩል ወጣች። ንጉሡ ሱፉን ይዞ ተነሳላት። ገመቺስ ፊት ቆመች።

"ዙር ልጄ።"

ልጁ ዞረ። በኋላ እንደነገረኝ ማታውን አልተኛም፤ ማስቲሹ ግንባሩን ሲያቃጥለው አድሯል። እሷ ማያያዣዎቹን ታውቃቸዋለች፣ እናቷ የሰፏቸው ናቸው፤ አንዱንም ሳትበጥስ ፈታቻቸው። ወደ ጎፈሩ ስትደርስ የሚለቅ አልሆነም። መቀሷን አስገብታ በማስቲሹ ውስጥ ቆረጠችው። የልጁ ቅንድብ ግማሹ አብሮ ሄደ። ልጁ ሕመሙን ዋጥ አደረገ።

እስካሁን የሚያስጠላኝ ነገር የመጣው ቀጥሎ ነው። ሕዝቡ ትርኢቱ መሰለው። መጀመሪያ አንዲት ሴት እልል አለች፣ ከዚያ ጭብጨባው ተያያዘ። በርናባስ ከታች ማይክሮፎኑን ነጠቀ። ፊቱ ላይ አንዲት ደቂቃ የማትሞላ ድንጋጤ ነበረች፣ ከዚያ ጠፋች። "የአርበኛው ልጅ የአባቷን አደራ ስትረከብ!" አለ። "ጭብጨባ!" ቴሌቪዥኑ ቀረጻት። እሷ ካባውን በክንዷ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በጭብጨባ መሐል ከመኪና ወረደች። ሙዚቃው ቀጠለ።

ለቀብሩ ሰዓታት ቀርተዋል። እንዶድ ነክራ ድልሁን ሞከረችው። ዘይቱ ከፋዩ ውስጥ ገብቷል፤ በነካችው ቁጥር እየሰፋ ሄደ። ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ቁጭ ብላ ስታሸው፣ ስትሸተው፣ ፊቷን ስታዞር አየኋት። ጎፈሩንማ ሰው ፊት ማውጣት አይቻልም፤ በፌስታል ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ። ምን ላድርገው ብላት ዓይኔ አይየው አለች።

በመጨረሻ ካባውን ገለበጠችው። ነጩ አቡጀዲ ወደ ውጭ ወጣ፣ እድፉ ወደ ውስጥ ገባ። ሐዘንተኛ ልብሱን ገልብጦ ሲለብስ የምናውቀው ነው፤ የሟችን ካባ ገልብጦ ከሬሳ ፊት ሲይዝ ግን እኔም አላየሁ፣ እሷም አላየችም። ሌላ መንገድ አልነበራትም። ሁለት እጇን ዘርግታ ከሬሳው ፊት ሄደች። የእናቷ ስፌት ከውስጥ በኩል እንዳለ ይታያል፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ እኩል።

ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። ያን ጊዜ አቶ ወልደ ኢየሱስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

"ልክ ናት። የአርበኛ ካባ በቀብሩ ቀን ይገለበጣል። የጥንት ሥርዓት ነው፣ ዛሬ የሚያውቀው ጠፋ እንጂ።"

ሊሸፍኑላት ብለው ይሁን፣ እውነት መስሏቸው ይሁን አላወቅሁም። ስጠይቃቸው ተቆጡኝ፤ አባቴ ሲያደርጉ አይቻለሁ አሉ። ብቻ መንሾካሾኩ ቆመ። አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኛም እናስታውሳለን አሉ። ለቅሶው ደመቀ፣ አባባ ኃይለጊዮርጊስ ካባቸው ፊታቸው እየሄደ ተቀበሩ። መቃብሩ አጠገብ ለቆምነው ብቻ ድልሁ ይሸተን ነበር።

ከተዝካሩ በኋላ ሐመልማል ካባውን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ በምላጭ ስፌቱን ፈታችው። እድፍ የነካውን ቆርጣ ጣለች፤ የተረፈው ሰፊ ነበር። ከእሱ ለእድራችን የሬሳ ሣጥን ማልበሻ ሰፋች። ድሮ የነበረው የቀጠነ ናይለን ነው፤ ተሸካሚም ይሙት፣ ሎተሪ አዟሪም ይሙት፣ አሁን በጥቁር ከፋይና በወርቀ ዘቦ ይሄዳል።  አጣጥፋ ለእድሩ ዕቃ ቤት አስረከበች።

በዓመቱ በርናባስ ተመልሶ መጣ። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ስፖንሰር። አላፈረም፤ እንዲያውም እንደ ወዳጅ ሰላም አለን። የዘንድሮው ትርኢት አርበኞች የሞቱ ጓዶቻቸውን ሲያስቡ ነው አለ፤ ሰዎቹ ሁሉ ካባቸውን ገልብጠው ይሄዳሉ። "ጥንታዊ ሥርዓት ነው" አለን፣ ለእኛ። ሽማግሌዎች አነጋግሮ አረጋግጧል፤ አንዱን በካሜራ ቀድቷል። አሁን የሚያስፈልገው ገበራቸው ነጭ የሆነ ካባዎች ነው፣ በተለይ ደግሞ ያ የመጀመሪያው።

ሐመልማል ፔዳሏን አቆመች። ሥርዓቱ የመጣው ከእሱ የድልህ ቆርቆሮ እንደሆነ ነገረችው። ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ሳቀ። ቀልድ መሰለው፣ ወይም ቀልድ እንዲሆን ፈለገ። እንደዚህ ያለውን ታሪክ ለሕዝብ ማውራት ደስ እንደማይል፣ እነሱ እንደሚያሳምሩት ነገራት።

ካባው እንደሌለ፣ ተፈትቶ የእድሩ የሣጥን ማልበሻ እንደሆነ ስትነግረው ግን ሳቁን ተወ። እጁን ኪሱ ከተተ። ዓይኑ እንደዚያን ቀን በራ።

"ማልበሻውንስ ታከራዩኛላችሁ?"

ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

"ስትሞት በነፃ ነው" አለችው።